እናቱን ለመውሰድ ሲል ዜግነቱን የሚያጣ ሰው

ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ሲያትል የሚኖር ኢትዮጵያዊ ግሪን ካርድ ከያዘ አምስት ዓመት ሲሞላው፣ ለአሜሪካ ዜግነት እንዲያመለክት የሚያስቸኩለው ብዙ ጊዜ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። የአገሪቱ ሕግ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለትዳር ጓደኛውና ላላገቡ ልጆቹ እንዲያመለክት ይፈቅዳል፤ ለእናቱና ለአባቱ ግን አይፈቅድም። ወላጆቹን መውሰድ የሚችለው 21 ዓመት የሞላው ዜጋ ብቻ ነው። ስለዚህ ደሴ ያለች እናቱ እየደከመች ስትሄድ ፎርሙን ይሞላል፣ ስለ አሜሪካ ታሪክና አስተዳደር የሚቀርቡትን ጥያቄዎች ያጠናል፣ ቀኑ ሲደርስም ቀኝ እጁን አንሥቶ ይምላል። በዚያችው ዕለት፣ በኢትዮጵያ ሕግ ዓይን፣ ኢትዮጵያዊነቱ ያበቃል።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 በአንቀጽ 20 ላይ፣ የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ ያገኘ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱንም በፈቃዱ እንደተወ ይቆጥረዋል። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ በአንቀጽ 33 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን ሊገፈፍ እንደማይችል ይደነግጋል። አዋጁ ይህን የሚያልፈው የሰውየውን ፈቃድ ሳይጠይቅ በመገመት ነው። ግምቱ ስሕተት ነው። እርግጥ የአሜሪካው ቃለ መሐላ ለሌላ መንግሥት ያለን ታማኝነት መተውን ይጨምራል፤ ቢሆንም አሜሪካ ራሷ አዲሱን ዜጋ የቀድሞ ፓስፖርትህን መልስ ብላ አታስገድደውም። የምትነጥቀው የገዛ አገሩ ናት።

ፊሊፒንስ እንደ ኢትዮጵያ ሁሉ ሚሊዮኖች ልጆቿን በየአገሩ የበተነች አገር ናት። የኢትዮጵያ አዋጅ በወጣበት በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2003፣ ምክር ቤቷ የሪፐብሊክ ሕግ ቁጥር 9225ን አጸደቀ። በትውልድ ፊሊፒናዊ ሆኖ በሌላ አገር ዜግነት ምክንያት የራሱን ያጣ ሰው፣ በሚኖርበት አገር ቆንስላ ቀርቦ የታማኝነት ቃለ መሐላ ሲፈጽም ዜግነቱ ይመለስለታል። ሕጉን ተከትሎ ይመርጣል፤ መሬትም ይገዛል። መመረጥ የፈለገ እንደሆነ ግን አስቀድሞ የውጭ ዜግነቱን በይፋ መተው አለበት። በሁለት መንግሥታት መካከል የቆመ ሰው ሥልጣን ይይዛል የሚለው ስጋት በዚህች አንዲት ድንጋጌ ተመልሷል።

ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2010ሩ ሕገ መንግሥቷ ጥምር ዜግነትን ስትፈቅድ፣ ከጥቂቶች በቀር ከፍተኛ ባለሥልጣናትና የመከላከያ ሠራዊት አባላት እንዳይዙት ከልክላለች። የጋና ሕግ ከዚያም ይቀድማል።

የጀርመን ጉዳይ የበለጠ ያስቆጫል። በርሊን ለረጅም ዘመን ዜጋዋ ለመሆን የሚያመለክቱትን ብዙዎቹን የቀድሞውን ዜግነት ተዉ ስትል ኖራ፣ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 27 ቀን 2024 ጀምሮ ይህን ግዴታ አነሣች፤ የሚጠበቀውንም የመኖሪያ ጊዜ ከስምንት ዓመት ወደ አምስት አወረደች። ዛሬ ፍራንክፈርት ያለ ኢትዮጵያዊ ከጀርመን መንግሥት በኩል ምርጫ አይቀርብለትም። ምርጫውን የምታቀርብለት አዲስ አበባ ናት።

ኢትዮጵያ በዚህ አቋም ብቻዋን አይደለችም፤ ሕንድ፣ ቻይናና ጃፓንም ጥምር ዜግነትን አይቀበሉም። ሕንድ ለትውልደ ሕንዳውያን የምትሰጠው ካርድ የእኛን ቢጫ ካርድ ይመስላል። ቢጫ ካርድ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የመጣ ነው፤ ባለቤቱን ከቪዛ፣ ከመኖሪያና ከሥራ ፈቃድ ነፃ ያደርገዋል፤ ብዙዎችን ጠቅሟል፣ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ያዢው አይመርጥም፣ አይመረጥም፣ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶችም አይቀጠርም። ሰውዬው ቤት ሊሠራ፣ ዶላር ሊያመጣ ይችላል፤ አገሩን ማን እንደሚመራት ድምፅ የመስጠት መብት ግን የለውም።

የባሕረ ሰላጤው አገሮች ነገር ደግሞ ሌላ ነው። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች የዜግነት ሕግ ዐረብ ካልሆነ አመልካች የሚጠይቀው 30 ዓመት ነዋሪነትን ነው፤ ያም ሆኖ መብት ሳይሆን ችሮታ ነው። ዱባይ በሰው ቤት ስትሠራ የኖረች እኅት ዜግነቷን አታጣም፤ ሌላ የሚሰጣት የለምና። በመሆኑም የኢትዮጵያ አዋጅ የሚጎዳው፣ የሄዱበት አገር እንደ ሰው ቆጥሮ የተቀበላቸውን ብቻ ነው። አንድ አገር ልጆቿ ሌላ ቦታ መብት በማግኘታቸው ልትቀጣቸው አይገባም።

ከሁሉ የሚከፋው በልጆቹ ላይ የሚደርሰው ነው። ኢትዮጵያውያን ወላጆች አሜሪካ የወለዱት ልጅ በ14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አሜሪካዊ፣ በወላጆቹ ደግሞ ኢትዮጵያዊ ሆኖ ይወለዳል። አዋጁ ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ አንድ ዓመት ይሰጠዋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ አሜሪካዊነቱን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን መምረጡን ካላሳወቀ የእናት አባቱን አገር እንደተወ ይቆጠራል። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ወጣት በዚያ ዕድሜ ስለ ኮሌጅ እንጂ ስለ አንቀጽ 20 አያስብም፤ ብዙውም እንዲህ ያለ ሕግ መኖሩን አያውቅም። አዋጁ በወጣበት ዓመት የተወለዱት በ2014 ዓ.ም. 18 ሞላቸው፤ የተሰጣቸውም ዓመት በ2015 አለፈ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዋጁን ሲያሻሽል ይህን የአንድ ዓመት ገደብ መሰረዝ፣ ያመለጣቸውንም በየኤምባሲው ቃለ መሐላ ፈጽመው ዜግነታቸውን እንዲያስመልሱ መፍቀድ አለበት።