ከቀባሪ በፊት ጠያቂ

በእንግሊዝ አገር የቤተሰብ ሐኪም ለአንዳንድ ታካሚዎቹ ከኪኒን ጋር፣ አንዳንዴም በኪኒን ፈንታ፣ የዝማሬ ቡድን፣ የአትክልት ሥራ፣ የሥዕል ትምህርት ወይም የንባብ ክበብ «ያዛል» ሲባል ከሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ሁለት ዓይነት መልስ ሰምቻለሁ። የመጀመሪያው ሳቅ ነው፦ «ፈረንጅ ጎረቤቱን ሰላም ማለት ቢያቅተው በሐኪም ወረቀት አሳዘዘው! እኛ ቡናው፣ እድሩ፣ ማኅበሩ፣ ሰንበቴው አለን።» ሁለተኛው እልልታ ነው፦ «ይኸው ግጥም መድኃኒት መሆኑ በሳይንስ ተረጋገጠ!» የዚህ ጽሑፍ ሙግት ከሁለቱም ጋር ነው። ሳቁ ትዕቢት አለበት፤ እልልታውም ችኮላ።

አስቀድመን ነገሩን በቅጡ እንወቀው። እንግሊዞች «ማኅበራዊ ማዘዣ» ይሉታል። ወደ ሐኪም ደጋግሞ የሚመጣ ሰው አለ፤ ራሱን ያመዋል፣ እንቅልፍ አጥቷል፣ ምርመራው ግን ምንም አያሳይም። ሐኪሙ ለአንድ ታካሚ ያለው ጊዜ አሥር ደቂቃ ገደማ ነው፤ በአሥር ደቂቃ ደግሞ የባል ሞት፣ የዕዳ ጭንቀት፣ የልጅ መራቅ ተነግሮ አያልቅም። ስለዚህ ታካሚውን «አገናኝ ሠራተኛ» ወደሚባል ሰው ይመራዋል። አገናኙ ሐኪም አይደለም። ሥራው ቁጭ ብሎ ማዳመጥ፣ «ምንዎን ያምዎታል?» ከማለት ይልቅ «ለእርስዎ ትልቁ ጉዳይ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ በአካባቢው ካለ ማኅበር ጋር ማስተዋወቅ፣ ሲያስፈልግም የመጀመሪያውን ቀን አብሮ መሄድ ነው። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ባወጣው የረጅም ጊዜ ዕቅድ እስከ 2020/21 የበጀት ዓመት መጨረሻ ከ1,000 በላይ አገናኞችን ለማሰማራት፣ እስከ 2023/24 ደግሞ ከ900,000 በላይ ሰዎችን ወደ እነርሱ ለመምራት አቅዶ ነበር።

ሐሳቡ ትናንት የበቀለ አይደለም። ስኮት ዊልያምሰንና ኢነስ ፒርስ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በደቡብ ለንደን፣ በፔክሃም ሠፈር፣ እ.ኤ.አ. በ1926 አንድ የጤና ማእከል ከፈቱ፤ በ1935ም መዋኛ ገንዳና መሰባሰቢያ አዳራሽ ወዳለው ሰፊ ሕንፃ አዛወሩት። አባል ቤተሰቦች በሳምንት አንድ ሽልንግ ያዋጡ ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ ይመረመራሉ፤ በቀሩት ቀናት ይዋኛሉ፣ ይጨፍራሉ፣ ይጨዋወታሉ። ማእከሉ ከአዲሱ ብሔራዊ የጤና ሥርዓት አሠራር ጋር ስላልገጠመ በ1950 ተዘጋ። በምሥራቅ ለንደን ደግሞ የብሮምሊ ባይ ቦው ማእከል በ1984 በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ተጀምሮ፣ ውሎ አድሮ ሐኪም ቤቱንና የሠፈሩን ማኅበራዊ ኑሮ በአንድ ግቢ አገናኘ። እድርተኛ የሆነ ሁሉ የሳምንቷን ሽልንግ ሲሰማ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ታዲያ በምን ላይ ነው የምንስቀው?

«እኛ እድር አለን» ለሚለው ወገን መልሴ ይህ ነው። አዎን አለን፤ ግን ለማን? የእድር ድንኳን የሚተከለው፣ ወንበሩና ሰታቴው ከመጋዘን የሚወጣው፣ ጡሩምባው በሌሊት የሚነፋው ሰው ሲሞት ነው። ከቀብር የቀረ ይቀጣል። ከሕያው ጎረቤቱ ደጃፍ ስድስት ወር የቀረ ግን ማንም አይቀጣውም፤ ስሙም በየትኛውም መዝገብ አይሰፍርም። «የታመመ እንጠይቃለን» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ሆስፒታል የተኛውን ብርቱካንና አጥሚት ይዘን እንጠይቃለን። ነገር ግን የምንጠይቀው አልጋ ላይ የዋለን ሰው ነው። ሕመሙ ስም የሌለውን፣ ቆሞ የሚሄደውን፣ ቡና ላይ ተቀምጦም በልቡ የራቀውን ማን ይጠይቀዋል? ሐዘንተኛን እስከ አርባው እናጅባለን፤ በአርባ አንደኛው ቀን ቤቱ ጭር ሲል ማን ያንኳኳል? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልን በሽተኛውን እንከሳለን እንጂ እርሱ ባይደብቅ ለማን ሊናገር እንደሚችል አንጠይቅም።

ደግሞም የምንመካባቸው ማኅበራት በነበሩበት አልቆሙም። በአዲስ አበባ ስንቱ ሠፈር ፈርሶ ነዋሪው በከተማዋ ዳርቻ ወደሚገኙ ኮንዶሚኒየሞች ተበትኗል! የሠላሳ ዓመት የቡና ጎረቤት በአንድ ቀን ተለያይቷል። ልጆቻቸው ዓረብ አገርና አሜሪካ የሚኖሩ እናቶች በአራተኛ ፎቅ ላይ ስልክ ታቅፈው ይውላሉ። እኔ በባንክ መስኮት ጀርባ የምውል ሰው ነኝ። ጡረታ በሚከፈልበት ሰሞን በር ሳይከፈት የሚደርሱ፣ ገንዘባቸውን ተቀብለው ቆጥረው ከጨረሱ በኋላም የማይሄዱ አባቶችና እናቶች አሉ። አንዱ ደብተሩን ደግሞ ያሳየኛል፤ ሌላዋ ስለ ልጇ ትነግረኛለች፤ የኋላው ሰልፍ ሲያጉረመርም ይቅርታ ጠይቀው ይወጣሉ። ለእነዚህ ሰዎች የባንክ መስኮት የጠያቂን ቦታ ተክቷል። እንዲህ ያለ አገር በፈረንጅ ብቸኝነት ላይ ለመሳቅ አፍ የለውም።

ወደ ሁለተኛው ወገን ልለፍ፤ ይህ የራሴ ወገን ስለሆነ ሙግቱ ይከብደኛል። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ዘገባ ዴይዚ ፋንኮርትና ሲርሻ ፊን ኪነ ጥበብ ለጤና ያለውን ድርሻ የሚመለከቱ ከ3,000 በላይ ጥናቶችን ቃኝተዋል። ዘገባው የሚያኮራ ነው። ሆኖም በ2017 የማኅበራዊ ማዘዣን የእንግሊዝ ሙከራዎች የመረመረ ሌላ ግምገማ፣ አብዛኞቹ ጥናቶች ትንንሽና ደካማ ስለሆኑ ስለ ስኬቱ እርግጠኛ ፍርድ መስጠት አይቻልም ብሏል። ግጥም አሞክሲሲሊን አይደለም። ዛሬ «ግጥም ይፈውሳል» ብለን ብንፎክር ነገ «በቀን ስንት ስንኝ?» ተብለን እንጠየቃለን፤ ጠያቂውም አይፈረድበትም። የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚሻ ሰው መድኃኒቱን ማግኘት አለበት፤ የተራበም እንጀራ እንጂ ዜማ አይታዘዝለትም። ከዚህ የከፋው፣ ነገሩ ለበጀት ቆራጮች ርካሽ ማምለጫ መሆን መቻሉ ነው። በእንግሊዝም ከ2010 ወዲህ በመቶ የሚቆጠሩ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተዘግተዋል፤ አገናኝ ቀጥሮ የሚያገናኙበትን ቤት መዝጋት ድልድይ ሠርቶ ማዶውን እንደ መናድ ነው።

እንግዲህ እኔ የምሟገትለት ነገር ምንድን ነው? ለእጅ ነው። ታካሚውን ከደጁ ተቀብሎ ከሰው መካከል ለሚያደርስ እጅ። የጎደለን ማኅበር አይደለም፤ ሰውን ወደ ማኅበሩ የሚመራ ነው።

ለዚህ ለንደን ድረስ መሄድ አያስፈልግም። የዚምባብዌው የአእምሮ ሐኪም ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ፣ በምባሬ ሠፈር፣ ከ14 አያቶች ጋር ሥራ ጀመረ። አያቶቹ ሥልጠና ወስደው በጤና ጣቢያው ግቢ በተተከለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰው ያዳምጣሉ። ሕመሙን በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፤ ሐሳብ ማብዛት ማለት ነው። «ሲያስብ ሲያስብ ታመመ» ለምንል ለእኛ ይህ አስተርጓሚ አይሻም። ታካሚው ከወንበሩ ሲነሣ ብቻውን አይሰናበትም፤ አብረው ቦርሳ እየሠሩ ወደሚጨዋወቱ የቡድን ጓደኞች ይቀላቀላል። 573 ሰዎችን ያሳተፈና በ2016 የታተመ ጥናት፣ ከስድስት ወር በኋላ በወንበሩ የተረዱት ሰዎች የሕመም ምልክት የተለመደውን አገልግሎት ካገኙት ያነሰ መሆኑን አሳይቷል።

እኛም ዘንድ መሠረቱ ተጥሏል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው ጤና ኬላ ሁለት ሁለት ሴቶችን ለመመደብ ተነሥቶ ከ30,000 በላይ ሠራተኞችን አሰማርቷል። እነዚህ ሴቶች በየቤቱ ገብተው ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ክትባት፣ ስለ እርግዝና ይጠይቃሉ። «እርስዎንስ ማን ይጠይቅዎታል?» የሚለው ጥያቄ ቢጨመር ምን ይጎድላል? «ሸክማቸው በዝቷል» የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ትክክል ነው። ስለዚህ ጥያቄው የእነርሱ ቢሆንም መልሱን የሚከታተል ሌላ ሰው፣ በደመወዝ፣ በየጤና ጣቢያው ይመደብ እላለሁ። ጡረታ የወጣች መምህርት ወይም ነርስ ለዚህ ታንሳለች? በበጎ ፈቃድ ብቻ ይሠራ የሚለውን ግን አልቀበልም፤ በነጻ የሚሠራ ሥራ መጀመሪያ የሚረሳ ሥራ ነው።

የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ሆይ፣ አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንግባ። ነገ ጤና ጣቢያው አንዲት ሐዘንተኛ ወደ እኛ ቢልክ ወንበር አለን? የግጥም ምሽቶቻችን እንደ ስማቸው በምሽት ናቸው፤ በሆቴል አዳራሽ፣ በመግቢያ ትኬት፣ በሚያስተጋባ ድምፅ ማጉያ። ታክሲ የሚፈራ ሽማግሌ አይመጣም፤ ትኬት መግዣ የሌላት አትገባም፤ ጭብጨባ የሚያስደነግጠው አይቀመጥም። የተሰበረ ልብን በስንኝ እናሞካሻለን፤ የተሰበረ ልብ ያለው ሰው ግን በራችን ላይ ቢቆም የሚቀበለው ትኬት ቆራጭ ነው።

ስለዚህ ከመንግሥት ሳንጠብቅ የምንችለውን ልጠይቅ። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ምድር ቤት ባለ ክፍል፣ ትኬት የሌለው የንባብ ሰዓት ይኑረን። ማንም ግጥም እንዲጽፍ፣ ታሪኩን እንዲናገር፣ «ተሽሎኛል» እንዲል አይገደድ፤ ማዳመጥ ብቻውን ይበቃል። በአቅራቢያው ላለው ጤና ጣቢያ ቀኑንና ቦታውን የሚገልጽ ወረቀት እናድርስ። ከእድርም አንድ ነገር እንዋስ፤ ስም የሚጠራበትን መዝገብ። ሁለት ሳምንት የቀረ ሰው ቢኖር ለመቅጣት ሳይሆን ደጁን ለማንኳኳት ይመዝገብ። የእድር አባል የሆናችሁም በሚቀጥለው የወር ስብሰባ «ሌላ ጉዳይ» ሲባል እጃችሁን አንሡና ከአባላቱ መካከል በዚህ ወር ማንም ያልጠየቀው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ሽማግሌዎቻችን «ቀባሪ አያሳጣህ» ብለው ይመርቁናል፤ ምርቃቱም እስካሁን ሠርቷል። አሁን «ጠያቂ አያሳጣህ» የሚለውን እናስቀድም፤ ሰው የሚጠይቁት መልስ መስጠት በሚችልበት ጊዜ ነውና።