በአንድ ትእዛዝ የሚበላሽ ሺህ ፎቶ

አብረን ያረጀን የሙያ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በፊልም ዘመን አንዱን ጥቅልል ብናበላሽ የሚጠፋው 36 ፎቶ ነበር። ዛሬ የአንድ ሠርግ 2,000 ፎቶ በአንድ ትእዛዝ ይወጣል፤ በአንድ ትእዛዝም ይበላሻል። ጥፋቱ ድምፅ የለውምና ሳይመሽ ልናገር።

በራሴ ከደረሰው ልጀምር። የአንድ ሠርግ ፎቶዎችን ሁሉ በፕሮፎቶ አርጂቢ አውጥቼ፣ ፕሮፋይሉን ሳላካትት ለማተሚያ ቤት ሰጠሁ። አልበሙ ሲመጣ የሙሽራዋ ጥለት ደብዝዟል፣ የሙሽራው ፊት አመድ መስሏል። ላይትሩም ውስጥ ግን ሁሉም ደምቆ ነበር። የማተሚያ ቤቱን ሰዎች ልወቅስ ሄጄ፣ ጥፋቱ የእኔ ሆኖ አፍሬ ተመለስኩ።

ፋይል የሚይዘው ቁጥር ብቻ ነው። «ሦስት» ብሎ ቁና ይሁን ጣሳ ያልነገረ ነጋዴ ገበያውን እንደሚያጣላ ሁሉ፣ መስፈሪያውን የሚናገር ፕሮፋይል የሌለው ፎቶም እንዲሁ ነው። ተቀባዩ ብዙውን ጊዜ ኤስአርጂቢ ነው ብሎ ይሰፍረዋል። ኤስአርጂቢ እ.ኤ.አ. በ1996 ኤችፒና ማይክሮሶፍት ያቀረቡት ጠባብ የቀለም መስፈሪያ ነው፤ ግን ሁሉም ያውቀዋል። የ1998ቱ አዶቤ አርጂቢ በተለይ በአረንጓዴ በኩል ይሰፋል። ከኮዳክ የመጣው ፕሮፎቶ ከሁለቱም እጅግ ሰፊ ስለሆነ በ8 ቢት ሲቀመጥ 256ቱ እርከን አይበቃውም፤ ጥርት ያለው ሰማይ መስመር መስመር ይሠራል። 16 ቢት የሚባለው ለዚህ ነው።

«ካሜራዬን አዶቤ አርጂቢ ላይ አድርጌዋለሁ» እያላችሁ የምትተኙ አላችሁ። ያ ምርጫ ጄፔጉን እንጂ ሮዉን አይነካም፤ የሮው ቀለም የሚለካው ስታወጡት ነው። የረዳታችሁ ካሜራ ጄፔግ ስሙ በታች ሰረዝ (_) ከጀመረ ግን አዶቤ አርጂቢ ነው፤ ከሌላው ጋር ደባልቃችሁ በጅምላ አትልቀቁት።

ፎቶሾፕ ውስጥም ሁለት ትእዛዞች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ የመስፈሪያውን ስም ብቻ ይቀይራል፣ ቀለሙም ይዛባል። ሌላው እህሉን በአዲሱ መስፈሪያ ይሰፍራል፣ ቀለሙም በተቻለ መጠን ባለበት ይቆያል። ለሺህ ፎቶ በተቀዳ አክሽን ውስጥ ፊተኛው ከገባ፣ እናንተ ቡና ስትጠጡ ሥራው አልቋል።

የእኔ ጥፋት ዳነ፤ ሮዉ ስለነበረኝ እንደገና አውጥቼ በራሴ ወጪ አሳተምኩ። የማይድነው ሌላ ነው። ወደ ኤስአርጂቢ ሲገባ ጠርዝ ላይ የተቆረጠ ቀለም የፈሰሰ ውኃ ነው፤ አይታፈስም። ሃርድ ዲስክ ሞላ ብላችሁ ሮዉን የምታጠፉ፣ እባካችሁ እጃችሁን ሰብስቡ!

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከሺሁ በፊት አንዱን፣ ጥለቱ ጎልቶ የሚታየውን፣ አውጡ። ፕሮፋይሉ አብሮት መውጣቱን እዩ፣ በሌላ ስክሪን ክፈቱት፣ ማተሚያ ቤቱ የሚፈልገውን ጠይቁ። ከዚያ የቀረውን ልቀቁ።

ሙሽሮቹ ስለ ቀለም መስፈሪያ አያውቁም፤ እኛን አምነዋል። ከ30 ዓመት በኋላ አልበሙን የምትከፍት ልጃቸው፣ የእናቷ ጥለት ምን ዓይነት ቀይ እንደነበር የምታውቀው እኛ ካስቀመጥነው ብቻ ነው። ደብዝዞ ካገኘችው፣ ድሮም ደብዛዛ ነበር ብላ ታምናለች።