የትኛው ስፖርት ማኔጅመንት?

«ሐኪም ትሆናለች» ብለው ሲጠብቁ ልጅዎ «እኔ ስፖርት ማኔጅመንት ነው የምማረው» አለችዎት እንበል። የብዙ ወላጅ የመጀመሪያ ጥያቄ «ደመወዙስ?» የሚል ነው፤ አይፈረድም። ግን የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ የትኛው ስፖርት ማኔጅመንት? በዚህ አንድ ስም ሥር ማርኬቲንግ፣ የውድድር ዝግጅት፣ የማዘውተሪያ ስፍራ አስተዳደር፣ የክለብ አመራር፣ የአትሌት ውክልና አሉ። በአንዱ የተሳካለት ሰው በሌላው ላይሆንለት ይችላል።

ከኮርስ ዝርዝር በፊት አንድ ነገር ይሞክሩ። ለዕረፍት ወደ ወሎ ከወጣችሁ አርዲቦ ሐይቅ ዳር አረፍ በሉ። ከታላቅ ጎረቤቱ ከሐይቅ ከፍ ብሎ፣ ከባሕር ጠለል ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ላይ የተኛ ውብ ውኃ ነው። «እዚህ የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ብናዘጋጅ ምን ያስፈልገናል?» ብለው ይጠይቋትና ዝም ብለው ያዳምጡ።

መጀመሪያ «ካናቴራውን ማን ስፖንሰር ያደርጋል?» ካለች ማርኬቲንግ ነው። ከደሴ የሚመጣው ሰው መኪናውን የት እንደሚያቆም፣ አምቡላንሱ በየት እንደሚገባ፣ ቢዘንብስ ብላ ከተጨነቀች የውድድር ዝግጅት ነው። በ1994 ዓ.ም. የተጀመረውን ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያን ያስቡ፤ እኛ አንድ እሑድ ጠዋት ከ40 ሺህ በላይ ሰው ሲሮጥ እናያለን፣ አዘጋጆቹ ግን ዓመቱን ሙሉ ይሠራሉ። ዳር ላይ ስለሚቀረው ፕላስቲክና ማሳው ስለሚረገጥበት ገበሬ ካነሳች ደግሞ ለማዘውተሪያ ስፍራ አስተዳደር ዓይን አላት።

«የአካባቢው ልጅ ቢያሸንፍ ውሉን ማን ያነብለታል?» የምትል ካለች ግን ቆም ይበሉ። ወጣቶች በዝውውር ወሬ ተማርከው በብዛት የሚመኙት ይህንኑ ነው፤ እኔ ብዙም አልቸኩልበትም። ዲግሪው ብቻውን ፈቃድ አይሆንም። የአትሌት ተወካይ ለመሆን የዓለም አትሌቲክስን ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል፤ የእግር ኳስ ወኪልነትም እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ የፊፋ ፈተና አለው። ሕግ ማንበብ የሚሰለቻት ከሆነች ይህ መስክ ይቅርባት።

ይድነቃቸው ተሰማ ተጫዋችም አሠልጣኝም ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1987 ደግሞ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። ዛሬ ቀጣሪ የሚጠይቀው «ምን ትችያለሽ?» ብሎ ነው፤ «ሁሉንም» የሚል መልስ ብዙ አያስኬድም።

እርግጠኛ ካልሆነች በመጀመሪያው ዓመት አትቸኩል። በአንድ ውድድር ላይ በበጎ ፈቃደኝነት ውኃ ታድል፣ በሌላው ምዝገባ ላይ ትቀመጥ። ለምዝገባ ስትሄዱም ትምህርት ክፍሉን «ተማሪዎቻችሁ ተግባራዊ ልምምድ የሚወጡት የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የክለብ ወይም የፌዴሬሽን ስም ከጠሩላችሁ ጥሩ፤ «እሱ በኋላ ይታያል» ካሏችሁ ክፍያውን ሳትፈጽሙ ሌላም ተቋም ጠይቁ።