«ገበያው ነው» ለሚሉን

ባለፈው ሳምንት ዶርማችን ውስጥ የተነሣ ክርክር እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት አላስተኛንም። መነሻው ተራ ነገር ነበር። አንዱ ጓደኛችን የኮንሰርት ትኬት ሊገዛ ሄዶ ባዶ እጁን ተመለሰና ፊቱን አጥቁሮ አልጋው ላይ ተቀመጠ። የተጠየቀው ገንዘብ ከቤት ከሚላክለት የወር ወጪ ይበልጣል። ኢኮኖሚክስ የሚያጠናው ጎረቤቱ «ምን ታደርገዋለህ፣ ገበያው ነው» አለና ነገሩን ዘጋው።

እኛ ግን አልዘጋነውም። ለመሆኑ ይህ «ገበያ» የሚሉት ማነው? እንደ ክረምት ዝናብ ከላይ የሚወርድ፣ ማንም የማይጠየቅበት ነገር ነው? እኛ የምንለው፣ ዋጋን የሚቆርጠው ሰው ነው። የሚቆርጠው ሰው ወንበር አለው፣ ፊርማ አለው፣ ሲፈልግም መቀነስ ይችላል። ይህን ለማስረዳት ከአገራችን አንጀምርም፤ እዚህ የሒሳቡን ወረቀት የሚያሳየን የለምና። ገበናው በአደባባይ ከወጣበት ከእንግሊዝና ከአሜሪካ እንጀምር። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ኦዌሲስ የተባለው የማንቸስተር ባንድ በ2009 ተበትኖ በ2024 እንደገና ተሰባሰበ። በኦገስት መጨረሻ ትኬቱ ለሽያጭ ሲወጣ ሰዉ ኢንተርኔት ላይ ለሰዓታት ተሰለፈ። 150 ፓውንድ ገደማ የተባለው የቁም ቦታ፣ አዎ የቁም ቦታ፣ ተራው ሲደርስ 355 ፓውንድ ሆኖ ጠበቀ። ሁሉም ኮምፒዩተሩን ረገመ፤ ፈላጊ ሲበዛ ማሽኑ ራሱ ዋጋ ይሰቅላል ተባለ። የብሪታንያው የውድድርና የገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ነገሩን መርምሮ በ2025 የደረሰበት ግን ሌላ ነው። ማሽኑ በየደቂቃው ዋጋ ሲቀያይር አልተገኘም። የቁም ቦታው በሁለት ዋጋ ተከፍሎ፣ ርካሹ ሲያልቅ ውዱ እየወጣ ነበር የተሸጠው። ሰልፈኛው ይህን በቅጡ የነገረው አልነበረም። ተመልከቱ እንግዲህ፣ «ገበያ» የተባለው ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ የወሰነው ሆኖ ተገኘ።

ባንዱስ ምን አለ? የትኬትና የዋጋ ጉዳይ የአዘጋጆቹና የማናጀሮቹ ነው አለ። ይቺን መልስ እኛም እናውቃታለን! ግርግሩ ሲበዛ ግን ለሰሜን አሜሪካው ጉዞ እንደ ፈላጊው ብዛት ዋጋ የሚሰቅለው አሠራር እንዲቀር ተወሰነ። ለካስ ማስቀረት ይቻላል!

ሌላ ምስክር እንጥራ። በ2023 ዘ ኪዩር የተባለው ባንድ አሜሪካን ሊዞር ሲል እንዲህ ያለውን የዋጋ መስቀያ አንፈልግም ብሎ፣ 20 ዶላር የሚሸጥ ትኬት ጭምር አወጣ። ትኬት ሻጩ ኩባንያ ቲኬትማስተር ግን «የአገልግሎት ክፍያ» እያለ ሲደራርብበት ጭማሪው ከትኬቱ በለጠ። ዘፋኙ ሮበርት ስሚዝ ዝም አላለም፤ ንዴቱን በአደባባይ ጻፈ። ኩባንያው ርካሹን ትኬት ለገዙት 10 ዶላር፣ ለሌሎቹ 5 ዶላር መለሰ። ዝናብ ወደ ሰማይ ሲመለስ ያየ አለ? ገንዘቡን የመለሰው ሰው ነው፤ ሌላ ሰው ስለጮኸበት።

ጩኸት ሁልጊዜ ያሸንፋል አንልም። ፐርል ጃም በ1994 ከዚሁ ቲኬትማስተር ጋር ተጣልቶ የበጋ ጉዞውን ሰረዘ፤ አባላቱ ምክር ቤት ድረስ ቀርበው መሰከሩ፤ መንግሥት ግን በ1995 ምርመራውን ያለ ውጤት ዘጋው። በ2010 ደግሞ ቲኬትማስተር ከታላቁ ኮንሰርት አዘጋጅ ከላይቭ ኔሽን ጋር ተዋሐደ። አዘጋጁም፣ ባለአዳራሹም፣ ትኬት ሻጩም አንድ ቤት ሲሆን ገዢው ከማን ጋር ይከራከር? የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት በሜይ 2024 ኩባንያውን ፍርድ ቤት ያቆመው በዚሁ ነበር። አላን ክሩገር የተባለው ኢኮኖሚስት እንዳሰላው ከ1981 እስከ 2012 የሌላው ዕቃ ዋጋ በአማካይ 150 በመቶ ሲጨምር የኮንሰርት ትኬት 400 በመቶ ጨምሯል። ይህን ለጎረቤታችን አነበብንለት። «በቃ ፍላጎት ጨምሯላ» አለን። ኧረ ተው! ዘመዶቻችን በሞሉባት በዋሽንግተን የነበረው ፉጋዚ ስሙ ከገነነ በኋላም 5 ዶላር እያስከፈለ ይጫወት ነበር እኮ፤ ፍላጎት ጠፍቶ ነው?

የካናቴራውም ነገር ያው ነው። የባንዱ ስም የታተመበት ካናቴራ በር ላይ ሲሸጥ ብዙ አዳራሾች ከሽያጩ ድርሻ ይቆርጣሉ። ባንዱ ያጣውን ለማካካስ ዋጋ ይጨምራል፤ ከፋዩ በሁለት እጁ የሚያጨበጭበው ልጅ ነው። ላይቭ ኔሽን በ2023 በትናንሽ ክለቦቹ ይህን ድርሻ መቁረጥ እንደሚያቆም ሲያስታውቅ አልከሰረም።

አሁን ወደ ቤታችን። ሙዚቀኛው መብላት አለበት፤ ይህን የሚክድ ከኛ ወገን የለም። ካሴት የሚሸጥበት ዘመን አልፏል፤ ዘፈኑ በነጻ ከስልክ ስልክ ይዞራል፤ የቀረለት መድረኩ ነው። ድምፅ ማጉያ ኪራይ አለ፣ ጄኔሬተር አለ፣ ጥበቃ አለ። እሺ! ታዲያ ስንቱ ለማን እንደሚሄድ ይነገረና! ባለፈው ዓመት ከመካከላችን አራታችን አዋጥተን የገባንበትን አንድ ኮንሰርት አንረሳውም። በመድረኩና በኛ መካከል የብረት አጥር ቆሟል። ከአጥሩ ወዲያ ጠርሙስ የተደረደረባቸው ጠረጴዛዎች፤ ግማሾቹ እስከ መጨረሻው ሰው አልተቀመጠባቸውም። ግጥሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃላችን የምናውቀው እኛ፣ የዘፋኙ ፊት ምስር አክሎ ታየን። ዘፋኙ ማይኩን «አብራችሁኝ በሉ» ብሎ ወደ ሕዝቡ ሲዘረጋ የመለስንለት እኛ ነበርን፤ ጠረጴዛዎቹ አልዘፈኑም።

የተመራቂዎች ኮንሰርት በግቢያችን ሊዘጋጅ ነው እየተባለ ነው። ለአዘጋጆቹ አንድ ጥያቄ አለን። ዋጋውን ካፌው በር ላይ ስትለጥፉ ሒሳቡንም አብራችሁ ለጥፉ፤ ለድምፅ ስንት፣ ለሙዚቀኞቹ ስንት፣ ለእናንተ ስንት። አጥር ካለም ከወዲሁ ይነገረን። ጎረቤታችን ወረቀቱን አብሮን ሊያነብ ቃል ገብቷል።