ለሰማያችን ጥበቃ፦ ከገዢነት ወደ አብሮ ሠሪነት

የተከበራችሁ የመርጡለ ማርያም መራጮች፣

ኑሮ በከበደበት ጊዜ ስለ ተዋጊ ጀት ማውራት ለምን አስፈለገ የምትሉ ትኖራላችሁ። የምናነሳው የጀቱም ዋጋ የሚወጣው ከእናንተው ግብር ስለሆነ ነው።

የመርጡለ ማርያምን ሕንፃ ያሠሩት ንግሥት እሌኒ እ.ኤ.አ. በ1509 ገደማ ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል ሲልኩ እርዳታ ብቻ አልጠየቁም። መርከቡን ፖርቱጋሎች፣ ሠራዊቱንና ስንቁን ኢትዮጵያ እንድታቀርብ ነበር ሐሳባቸው። ሽርክና ማለት ይህ ነው፤ ሁለቱም ያዋጣሉ።

በ1928 ዓ.ም. «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን በጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር መሪነት አዲስ አበባ ውስጥ ተሠርታ በረረች። ወራሪው ጣልያን ወሰዳት፤ የተመለሰችው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ መንገዳችን ግዢ ሆነ። በንጉሡ ዘመን ኤፍ-5 ጀቶችን ከአሜሪካ አገኘን። በ1969 ዓ.ም. የሁለቱ መንግሥታት ግንኙነት ሲሻክር የጦር መሣሪያ እርዳታው ቆመ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የሶማሊያ ጦር ወረረን። አብራሪዎቻችን በእነዚያው ጀቶች ድል አደረጉ፤ መለዋወጫው ግን በሰው እጅ ነበር። ከዚያ ሚግ ከሶቭየት ኅብረት፣ በ1991 ዓ.ም. ደግሞ ሱኮይ 27 ከሩሲያ መጣ። ሻጩ ተለዋወጠ፤ እኛ ግን ገዢ እንደሆንን ቀረን።

ሌሎች ሌላ መንገድ መርጠዋል። ፓኪስታን ዋጋው መለስተኛ የሆነውን ቀላል ተዋጊ ጄኤፍ-17 ከቻይና ጋር ሠርታ፣ በአገሯ እያመረተች ለናይጄሪያ ሸጣለች። ብራዚልም እ.ኤ.አ. በ2014 ከስዊድን 36 ግሪፐን ለመግዛት ስትዋዋል፣ መሐንዲሶቿ እንዲሠለጥኑና ከፊሉ በአገሯ እንዲገጣጠም በውሉ አስገብታለች።

ነገ ሙሉ ጀት እንሠራለን ብለን አንዋሽም። ነገር ግን በ1938 ዓ.ም. ከአሜሪካው ቲደብሊውኤ ጋር የተጀመረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዛሬ አውሮፕላኖቹን በራሱ ልጆች ይጠግናል። በውል የተገኘ እውቀት አገር ውስጥ ይቀራል። ስለሆነም ፓርቲያችን፦

1ኛ/ ሥልጠናን፣ ጥገናንና የመለዋወጫ ምርትን ያላካተተ የተዋጊ አውሮፕላን ውል አይፈርምም።

2ኛ/ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 12 ዓለም አቀፍ ስምምነቶችን የማጽደቅ ሥልጣን ለተወካዮች ምክር ቤት ሰጥቷል። «ይህ የሽያጭ ውል ነው» በሚል ሰበብ ምክር ቤቱ እንዳይታለፍ በሕግ ይደነግጋል፤ ምስጢር የሆነውም ቢሆን በቋሚ ኮሚቴው ይመረመራል።

3ኛ/ ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. በሐውዜን ገበያተኛ ላይ ቦምብ የጣለው የገዛ አገሩ አየር ኃይል ነበር። ማንም ባለሥልጣን በሲቪል ሕዝብ ላይ ጀት እንዳያዘምት፣ ያዘዘም ያለ ይርጋ እንዲጠየቅ ያደርጋል።

ጀቱ የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ ውሉም የሕዝብ ይሁን። በዚህ የምትስማሙ ድምፃችሁን ለዕጩዎቻችን ስጡ።