ሣር ለማየት የሦስት ሰዓት መንገድ

ወቅቱ ሲደርስ በልጆች ደብተር ውስጥ ተጣጥፋ የምትመጣ ወረቀት አለች። «የአዲስ አበባ ጉዞ፤ ደርሶ መልስ፤ ትራንስፖርት፣ መግቢያና ምሳን ያካተተ።» ከታች የብሩ መጠንና የመክፈያው ቀን ይጻፋል፤ ቀኑ ብዙውን ጊዜ ከደመወዝ በፊት ነው። ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ ያለ ወላጅ ይቺን ወረቀት ያውቃታል። አንብቦ ሲጨርስ ምን እንደሚልም አውቃለሁ፤ እኔም ብዬው ስለማውቅ፦ «እኛው ብንወስደው ከዚህ በላይ ይፈጃል።» ከዚያ ይከፍላል፤ ቆጥቤያለሁ ብሎም ይተኛል።

አልቆጠበም።

ወልቂጤ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ግድም ትርቃለች፤ ቡታጅራ 130 ያህል። ልጆቹ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይቀሰቀሳሉ፣ ጃኬት ይደርባሉ፣ ገሚሶቹ ወሊሶ ሳይደርሱ ያስታውካሉ። ከተማዋ የሚገቡት መኪናው ሁሉ በሚጨናነቅበት ሰዓት ነው። ወረቀቷ ላይ ሦስት ቦታ ስለተጻፈ ሦስቱም መነካት አለበት፦ አንድነት ፓርክ፣ እንጦጦ፣ ጊዜ ከተረፈም ሽክርክሪትና የመኪና ግጭት ያለበት መጫወቻ። መምህሩ እየቆጠረ «ቶሎ በሉ» ይላል፤ ምን ያድርግ፣ ሹፌሩ ሳይመሽ መውጣት ይፈልጋል። ማታ ልጄን «ምን አየህ?» ስለው «ብዙ መኪና» አለኝ። የአልጋ ወጪ ላለማውጣት ተብሎ በአንድ ቀን የታጨቀ ጉዞ ገንዘቡን የሚበላው ለወንበርና ለናፍጣ ነው። ለጨዋታ የሚተርፈው ምናልባት ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው፤ እሱም ሰልፉ ካልወሰደው።

ደግሞም ቀኑ። ትምህርት ቤቶች ሁሉ በአንድ ሰሞን ይወጣሉ፤ ቤተሰብም የሚወጣው በበዓል ነው። የዲዝኒላንድ ባለቤቶች በ2016 እ.ኤ.አ. የመግቢያ ቲኬታቸውን ዋጋ እንደየቀኑ ለያዩት፤ ሰው በሚበዛበት ቀን ውድ፣ በሚሳሳበት ረከስ ያለ። የእኛ መናኸሪያ ረዳቶች ይህን ጥበብ ያለ ኮምፒዩተር ተክነውበታል። መስቀል ሲቃረብ ወይም አረፋ ሲደርስ ከአዲስ አበባ የሚነሳ ዶልፊን ከታሪፍ በላይ ሲጠይቅ ማንም አይደነግጥም። ያው ዶልፊን ግን ሰው አውርዶ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ባዶውን ነው። ርካሽ ጉዞ የፈለገ በዚያን ቀን በተቃራኒው መሄድ ይችል ነበር፤ ብቻ መስቀልን ጥሎ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ጉራጌ ከተገኘ ጎረቤት «አሞት ይሆን?» ብሎ ሊጠይቀው ይመጣል። እሺ፣ መስቀል ይቅር። የሴሚስተር እረፍት አለ፤ ዝናብ የለም፣ የሥራ ቀን ነው፣ ሰልፍ የለም። ከአንድ ቀን ሩጫ ይልቅ መርካቶ አጎት ወይም አየር ጤና አክስት ዘንድ ሁለት ሌሊት ማደር ይሻላል። እንዲህ ያለ ዘመድ የሌለው ስንቱ ነው?

የሚገርመኝ የጉራጌ ሰው ቀድሞ ማሰብ የማያውቅ አለመሆኑ ነው። የመስቀል ሰንጋ እኮ በዋዜማው አይታሰብም። ዓመቱን ሙሉ እቁብ ይጣላል፣ ለሰንጋው ሰው ይቧደናል፣ ሴቶቹ ቅቤውን በየተራ እያዋጡ ያጠራቅማሉ። ለክትፎው አሥራ ሁለት ወር የሚዘጋጅ ቤት ለልጁ ሽርሽር ሁለት ሳምንት ሲቀረው በወረቀት ይታዘዛል። የክፍል ወላጆች አንድ ትንሽ እቁብ ቢጀምሩ ቀኑንም ቦታውንም ራሳቸው በመረጡ ነበር።

«ልጆቻችን ዋና ከተማቸውን አይዩ ነው የምትለው?» የሚለኝ አይጠፋም። ይዩ እንጂ! አንድነት ፓርክ በ2012 መስከረም ሲከፈት የምኒልክን ግቢ ለሕዝብ ከፍቷል፤ የቡታጅራ ልጅ ያንን ግቢ ቆሞ የማየት መብቱ ከቦሌ ልጅ አያንስም። ጠቤ መዝናናት ማለት አዲስ አበባ ማለት ነው ከሚለው እምነት ጋር ነው። ከቡታጅራ ተነስቶ ያ አውቶቡስ በየት ነው የሚያልፈው? በጢያ! ሶዶ ውስጥ፣ ከመንገዱ ብዙም ሳይርቅ፣ 36 ትክል ድንጋዮች ቆመዋል፤ 32ቱ ሰይፍና ሌላም እስከ ዛሬ በቅጡ ያልተፈታ ምልክት የተቀረጸባቸው ናቸው። ዩኔስኮ በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ከዚያ አለፍ ሲል፣ አዋሽ ዳር፣ መልካ ቁንጥሬ አለ፤ እሱም በ2024 እ.ኤ.አ. ተመዝግቧል። ልጆቻችን ሁለት የዓለም ቅርሶችን ተኝተው ያልፋሉ፤ ከተማ ሲደርሱ ደግሞ ሰው ሠራሽ ፏፏቴ ፊት ፎቶ ይነሳሉ። ከቡታጅራ ወደ ደቡብ ጥቂት ቢወጣ ስሙ ብቻ ልጅ የሚያስደነግጠው ሐረ ሸይጣን አለ፤ እሳተ ገሞራ የቆፈረው ሐይቅ ነው። የወልቂጤዎቹም በጅማው መንገድ ወደ ታች ቢወርዱ የጊቤን ሸለቆ ያገኛሉ። ለእነዚህ ሌሊት 10 ሰዓት መነሳት አያስፈልግም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ጀፎረ ነው። አያቶቻችን ቤት ከመሥራታቸው በፊት የመንደሩን ሜዳ ይለኩ ነበር። ከግራና ቀኝ ቤቶቹ፣ መሃሉ ፈረስ የሚጋለብበት ሰፊ ሣር፤ ሰርጉም ለቅሶውም የልጆች ጨዋታውም እዚያው። አጥሩን አንድ ክንድ ወደ ጀፎረው የገፋ ሰው ሽማግሌ ፊት ይቆማል። በየደጃፉ ነፃ መናፈሻ የነበረው ሕዝብ ነው ከተማ ሲገባ ጀፎረውን ገጠር ጥሎ የመጣው። ወልቂጤና ቡታጅራ ሲሰፉ ሱቅና ፎቅ ተለካላቸው፤ ልጅ የሚሮጥበትን ግን ማን ለካ? ዛሬ ለአንድ ልጅ ይህን ያህል እየከፈልን፣ ሦስት ሰዓት እየነዳን፣ «ሣሩን አትርገጡ» የሚል ጽሑፍ እናስነብባቸዋለን።

ወረቀቷ ዘንድሮም መጣች። ብሩን አልላክሁም፤ ከጀርባዋ አንድ ጥያቄ ጽፌ መለስኳት፦ አውቶቡሱ ጢያ ላይ ስንት ደቂቃ ይቆማል?