ከሥር ተኝቶ ያላየ ተሳቢ አይግዛ



ሰሞኑን እቁባችን በተሰበሰበ ቁጥር ወሬው አንድ ነው፤ ተሳቢ። ከሐዋሳ ሞያሌ የምንመላለስ፣ ቦሎቄና ሽንኩርት ይዘን ወርደን ፕላስቲክና የቤት ዕቃ ይዘን የምንወጣ ነጋዴዎች ነን። የነዳጁ ነገር ሲያስጨንቀን «በአንድ ሞተር ሁለት ጭነት» የሚለው ሐሳብ ቢማርከን አይገርምም። በዚያ ላይ አሜሪካ ያሉ ወንድሞቻችን ከፒክአፕ መኪና ኋላ ረጅም ተሳቢ ቀጥለው፣ ሦስት መኪና ጭነው ሲሄዱ የተነሱትን ፎቶ ይልኩልናል። የዚያ ተሳቢ የፊት ብረት ወደ ላይ ከፍ ብሎ ይወጣና ጎንበስ ብሎ ካሶኒው መሃል ባለ የብረት ኳስ ላይ ይቀመጣል። ቅርጹን አይተው «የዝይ አንገት» ብለውታል። አሁን ሦስት ቤተሰቦች በአይሱዙአቸው ካሶኒ ላይ ይህንኑ ለማሠራት ተነሥተዋል።

እኛ ተሳቢ አይሠራ አንልም። የምንለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የመጀመሪያው ብር የሚወጣው ለተሳቢው ሳይሆን ተሳቢው ለሚንጠለጠልበት ቦታ ይሁን። ሁለተኛ፣ ትርፉ በኩንታል ተቆጥሮ ይታወቅ። ይህን የምንለው ከፍለንበት ስለተማርን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኛም ሦስት ሆነን የእቁብ ብራችንን አዋጥተን አሠርተን ነበር። ጋራዡ ደጃፍ ቆመን የጠየቅነው ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ስንት ነው?» እና «መቼ ይደርሳል?»። በሁለት ቀን ደረሰልን። ወፍራም ብረት ተቆርጦ ካሶኒው ወለል ላላሜራ ላይ ተበየደ፣ ኳሱም እሱ ላይ ተበየደ፣ ቀለም ተቀባ። ያምር ነበር። ቡና አፍልተን መረቅነው።

አራት ወር ያህል ሠራ። አንድ ጠዋት ቡሌ ሆራን አልፈን ቁልቁለት ስንወርድ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ብረቱ ከነወለሉ ላሜራ ተገንጥሎ ወጣ። «ቢለቅ እንኳ ይይዘዋል» ያልነው ሰንሰለት የታሰረው እዚያው ብረት ላይ ስለነበር አብሮ ሄደ። ተሳቢው ከመንገድ ወጥቶ በጎኑ ተኛ። ረዳታችን ከተሳቢው ጭነት ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ዘሎ እግሩ ተሰበረ። እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለ፣ ዛሬ ይራመዳል። ጆንያ ግን አያነሳም። ተሳቢው ያተረፈልን ብር በሙሉ ለሕክምናው አለቀ፤ አልበቃምም።

ተናደን ወደ በያጁ ሄድን። ጮኽንበት። ሲሰማን ቆይቶ፣ «ዋጋ ጠየቃችሁኝ። ስንት ኩንታል እንደሚሸከም ግን አልነገራችሁኝም፣ እኔም አልጠየቅኳችሁም» አለን። መልስ አልነበረንም። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ጠይቀን የተረዳነውን እንንገራችሁ።

የካሶኒ ወለል ጆንያ እንዲቀመጥበት እንጂ ተሳቢ እንዲጎትትበት አልተሠራም። መኪናውን የሚሸከመው ከሥር ያለው ሻንሲ ነው። ስለዚህ ኳሱ ከወለሉ በታች በሁለቱ የሻንሲ ብረቶች መካከል በሚጋደም ጠንካራ ብረት ላይ ይቆማል፤ ያ ብረት ደግሞ ግራና ቀኝ ባሉ ወፍራም መያዣዎች ከሻንሲው ጋር ይታሰራል። ወለሉ ኳሱ የሚወጣበት ቀዳዳ ብቻ ይበቃዋል።

የሚታሰረውም በቡሎን ነው። የሻንሲ ብረት በጎን ሲታይ ቋሚ ግድግዳ፣ ከላይና ከታች ደግሞ ከንፈር አለው። ከንፈሩን መብሳት ክልክል ነው፤ ጭንቀቱ ሁሉ ያለው እዚያ ነውና ስንጥቁም ከዚያ ይጀምራል። የሚበሳው ግድግዳው ነው፤ እሱም የመኪናው አምራች በሚፈቅደው ቦታ። ብየዳ ደግሞ የሻንሲውን ብረት በሙቀት ጠባዩን ይለውጠዋል። ዛሬ የያዘ የሚመስለው ብየዳ አጠገቡ ያለው ብረት ከጊዜ በኋላ ሊሰነጠቅ ይችላል። ቡሎኑም ከሱቅ የተገኘው ሁሉ አይሆንም፤ ጥንካሬው በራሱ ላይ የተጻፈ፣ ዳዶውም የማይላላ ይሁን። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ እንደገና ይጠበቅ።

ቦታውም ወሳኝ ነው። ኳሱ ከኋላው አክስል በላይ፣ ወይም ከሱ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ይሁን። ከአክስሉ ወደ ኋላ ከሄደ ተሳቢው የመኪናውን ጭራ ይጫንና የፊቱን ጎማ ያቀልለዋል፤ መሪው ይከዳል። ሰንሰለቱም ከሻንሲው ጋር በተያያዘ ነገር ላይ ይታሰር። በእኛ ስሕተት ሌላው ይማር።

ከአሜሪካ ዕቃ የምታስመጡ ደግሞ ሁለት ነገር ልብ በሉ። የዚያ አገር የዝይ አንገት የተለመደ ኳስ ስፋቱ 2 ኢንች ከ5/16 ነው፤ ወደ 59 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በእኛ አካባቢ በትንንሽ ተሳቢዎች የምናየው ኳስ 50 ሚሊ ሜትር ነው። ትልቁ አፍ ትንሹ ኳስ ላይ ሲቀመጥ የገጠመ ይመስላል፤ መንገዱ ሲያነጥረው ግን ብድግ ብሎ ይወጣል። ሁለተኛው ፍሬኑ ነው። ከዚያ የሚመጣው የተሳቢ የኤሌክትሪክ ፍሬን በ12 ቮልት የሚሠራ ነው፤ እዚህ የምንነዳው አይሱዙ የጭነት መኪና ግን 24 ቮልት ነው። በቀጥታ ያገናኘ ሰው ፍሬኑን ያቃጥለዋል። የራሱ ፍሬን የሌለው ከባድ ተሳቢ ቁልቁለት ላይ መኪናውን የሚገፋ ጠላት ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ፤ ነጋዴ ነንና።

የዝይ አንገት ተሳቢ ከነጭነቱ ካለው ክብደት ከ15 እስከ 25 በመቶ ያህሉን በኳሱ በኩል መኪናው ላይ ያሳርፋል። ለምሳሌ ተሳቢው ከነጭነቱ 50 ኩንታል ቢመዝን፣ በመካከለኛው ስናሰላው 10 ኩንታሉ የሚያርፈው በእኛ መኪና የኋላ አክስል ላይ ነው። ስለዚህ ካሶኒው ላይ እስከ ዛሬ 40 ኩንታል የምንጭን ከሆነ፣ ከዛሬ ጀምሮ 30 ብቻ መጫን አለብን። ከተሳቢው 50 ኩንታል ውስጥ ደግሞ የብረቱ የራሱ ክብደት አለ፤ 15 ኩንታል ነው እንበል። የሚጫነው 35 ሆነ ማለት ነው። ከ35 ላይ ከካሶኒው የቀነስነውን 10 ስናነሳ፣ ንጹሕ ጭማሪያችን 25 ኩንታል ነው። 50 አተረፍኩ ያለው ሰው ያተረፈው 25 ነው። ያውም መኪናው ይህን ሁሉ ለመጎተትና ለማቆም በአምራቹ ከተፈቀደለት ነው። ካልተፈቀደለት ሒሳቡ እዚህ ላይ ያበቃል።

አብዛኞቻችን ግን ከካሶኒው አንቀንስም። 40ውን እንዳለ ጭነን ተሳቢውን እንጨምራለን። ያ 10 ኩንታል የትም አይሄድም፤ ባሌስትራውን፣ ጎማውን፣ ፍሬኑን ይበላል። ከዚያ «ይህ መኪና ምን ነካው፣ በየወሩ ጋራዥ» እንላለን።

«ሚዛን ላይ ወጥተን አልፈናል» የሚሉም አሉ። በኬንያ በኩል የሚሠራበት የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ የጭነት ሕግ ለአንድ ባለ መንታ ጎማ አክስል 10 ቶን፣ ለጠቅላላው ተሽከርካሪ ደግሞ ቢበዛ 56 ቶን ይፈቅዳል። ይህ ልክ የወጣው መንገዱ እንዳይጎዳ ነው። ትንሹ አይሱዙ የተሠራው ከዚያ በጣም ላነሰ ክብደት ነው፤ የራሱ ልክ በመኪናው ላይ ባለው የአምራች ሰሌዳና በመመሪያው ተጽፏል። ሚዛኑ አሳለፈን ማለት መኪናው ቻለው ማለት አይደለም።

የሚቃወሙንን እናውቃቸዋለን፤ ወንድሞቻችን ናቸው። «እገሌ በብየዳ አሠርቶ ስንት ዓመት ነዳ» ይሉናል። እውነት ነው፣ ነድቷል። የእኛም አራት ወር ነድቷል። ብረት ሲደክም አይናገርም። «ገንዘቡ ከየት ይምጣ?» የሚሉት ግን እውነተኛ ጥያቄ ይዘዋል። በደንብ የተሠራው ከተበየደው ይልቅ ዋጋው ከፍ ይላል። የእኛ መልስ አጭር ነው፤ ለሁለቱም የማይበቃ ብር ካለን፣ መጎተቻውን በደንብ አሠርተን ተሳቢውን ለሚቀጥለው እቁብ እናቆየው። ያለ ተሳቢ የቆመ መጎተቻ ማንንም አይጎዳም። ያለ ደህና መጎተቻ የሚሄድ ተሳቢ ግን ሰው ይገድላል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ስለዚህ ለየእቁባችን ይህን ሐሳብ እናቀርባለን። ለተሳቢ ተብሎ ዕጣ የሚወጣለት አባል ቢያንስ ሁለት ሌሎች አባላት ከመኪናው ሥር ገብተው ይዩለት። መያዣው ሻንሲው ላይ ነው ወይስ ወለሉ ላይ? በቡሎን ነው ወይስ በብየዳ? ሰንሰለቱ የታሰረው የት ነው? ፍሬንና መብራቱ ይሠራሉ? ሠሪው ስንት ኩንታል እንዲሸከም እንደሠራው በወረቀት ጽፎ ይፈርም። ለመጻፍ ያልደፈረ ሠሪ ጋ ሥራ አንስጥ፤ መፍራቱ ራሱ መልስ ነው። ለውጡም ለቦሎ ምርመራ ሲቀርብ አይደበቅ፣ በመኪናው ሰነድ ይመዝገብ፣ ኢንሹራንሱም ይወቀው። ያልተነገረው ኢንሹራንስ የአደጋ ቀን ይከራከረናል።

የመጨረሻው ምንም ብር አይጠይቅም፤ ረዳት ተሳቢ ላይ አይቀመጥ። ጋቢና ቦታ ከሌለ በአውቶቡስ ይምጣ፣ ትኬቱን እንክፈል። የእኛ ልጅ ያኔ ጋቢና ቢቀመጥ ኖሮ የምንነግራችሁ ስለ ፈሰሰ ሽንኩርት ብቻ ነበር። አሁን ግን በየበዓሉ ቤቱ ስንሄድ እናቱ በሩን ከፍተው «ግቡ ልጆቼ» ይሉናል፣ ቡና ያፈሉልናል፣ አንድም ቀን ወቅሰውን አያውቁም። እኛ ግን ከእግሩ ላይ ዓይናችንን ማንሳት አንችልም።

ሦስቱ ቤተሰቦች ሆይ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ጥሩን። ካርቶን አንጥፈን ከሥር እንተኛለን፣ አብረን እናያለን።